«ሲያመኝ እመረመራለሁ» እና ሌሎች ስለ አጥንት መሳሳት የሚባሉ ነገሮች

የአጥንት መሳሳት አያምም። ጉልበቱን የሚቆረጥመው፣ ጠዋት ሲነሳ መገጣጠሚያው አልታዘዝ የሚለው ሰው «አጥንቴ ሳስቷል» ይላል፤ የእሱ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመገጣጠሚያው የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። የሳሳ አጥንት ባለቤቱን ምንም ሳይለው ዓመታት ይቆይና በቀላል አወዳደቅ የእጅ አንጓ ወይም ዳሌ ይሰበራል። «ሲያመኝ እመረመራለሁ» ያለ ሰው እንግዲህ የሚጠብቀው ስብራቱን ነው።

የጀርባ አጥንትማ ተሰብሮም ላይታወቅ ይችላል። ቁመቷ አጥሮ ቀሚሷ መሬት መጥረግ የጀመረ፣ ጀርባዋ የጎበጠ እናት ስናይ «እርጅና ተጫናት» እንላለን። ይህ አነጋገር ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጀርባዋን ያጎበጠው ማንም ያላየው፣ ማንም ያላከመው ስብራት ነው።

«ደሜን ተመርምሬ ካልሲየሜ ደህና ነው ተብያለሁ» የሚሉም አሉ። ሰውነት የደሙ ካልሲየም እንዳይጎድል ከአጥንት እየወሰደ ይሞላል። ስለዚህ አጥንቱ እየሳሳም የደም ውጤቱ ደህና ይሆናል። ተራ ራጅም ቢሆን የሚያሳየው ከአጥንቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የአጥንትን ጥግግት የሚለካው ዴክሳ የሚባለው መሣሪያ ነው። ዋሻ ውስጥ የሚያስገባ የሚመስላቸው ይፈሩታል። ተመርማሪው ግን ክፍት አልጋ ላይ ይተኛል፤ ዳሌውና የታችኛው ጀርባው በ20 ደቂቃ ውስጥ ይለካሉ። መርፌ የለውም፤ ጨረሩም ከደረት ራጅ ያነሰ ነው። ውጤቱ ቲ ስኮር ይባላል፤ ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር የሚያወዳድር ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ ኔጌቲቭ 1 ወይም ከዚያ በላይ ደህና ነው፤ ኔጌቲቭ 2.5 ወይም ከዚያ በታች ደግሞ የአጥንት መሳሳት ይባላል። መካከል ላይ ያለው ሰው «ገና ነኝ» ብሎ ቢዘናጋ ይሳሳታል። በመካከል ያሉት ብዙ ስለሆኑ አብዛኛው ስብራት የሚደርሰው በእነሱ ላይ ነው። ሐኪም ዕድሜን፣ የቀድሞ ስብራትን፣ ሲጋራን፣ የወላጅ ዳሌ ስብራትን ደምሮ የሚፈርደውም ለዚህ ነው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ «የጥቁር ሰው አጥንት ጠንካራ ነው» የሚባል አለ። በአማካይ ሲታይ በዚያ አገር ጥቁር ሴቶች ጥግግታቸው ከነጮቹ ይበልጣል፤ የዳሌ ስብራታቸውም ያንሳል። አማካይ ግን ለአንዲት ሴት ዋስትና አይሆናትም፤ በተለይ ሰውነቷ ቀጭን ከሆነ፣ ቅጥነት ራሱ ለስብራት ያጋልጣልና። ከዚህም በላይ ጥቁር ሴቶች ለምርመራው የሚላኩት ያነሰ ነው፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላም የሚሞቱት ይበዛሉ። የአገሪቱ የመከላከል ሕክምና መመሪያ 65 ዓመት የሞላቸው ሴቶች ሁሉ እንዲመረመሩ ሲል ቀለም አልለየም። ሐኪሙ ምርመራውን ላላነሳላት እናት ልጆቿ ያንሱላት።

ወንዶችም አይቀርላቸውም። ለአስም ወይም ለሌላ በሽታ አጥንት የሚያሳሳውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ለወራት የሚውጥ ወንድ ስለ አጥንቱ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። በአንጻሩ ምንም አጋላጭ ነገር የሌለባት የ30 ዓመት ሴት ለዚህ ምርመራ ገንዘቧን ባታወጣ ይሻላል።

«ማሽኑ በሌለበት ምን ይደረጋል?» የሚለው ተስፋ መቁረጥም ስህተት ነው። አገር ቤት መሣሪያው በየሆስፒታሉ አይገኝም። ነገር ግን በዕድሜ የገፋ ሰው ከቆመበት ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ፣ ሌላ በሽታ አለመኖሩ ሲጣራ ስብራቱ ራሱ ምርመራውን ይተካል፤ በሳምንት አንዴ እንደሚዋጠው አለንድሮኔት ያለ መድኃኒት ለመጀመር ቁጥር መጠበቅ አያስፈልግም። እጇን በጀሶ አሳስራ ወይም ወጌሻ ጠግኗት ወደ ቤቷ የምትመለስ የ60 ዓመት ሴትም «አጥንቴስ?» ብላ ሐኪም መጠየቅ ያለባት ያኔውኑ፣ ቀጣዩ ስብራት ዳሌዋ ላይ ሳይደርስ ነው።