ሱቅ ሲዘጋ የሠራተኛው ሒሳብ ማን ዘንድ ነው?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ እሳት ተነስቶ ለሰዓታት ከነደደ በኋላ በአካባቢው የሚወራው በአብዛኛው የዕቃ ጉዳይ ነበር። የማን ሱቅ ተረፈ፣ ማን መድን ነበረው፣ በዱቤ የተነሳው የማን ጣቃ ሳይሸጥ አመድ ሆነ የሚል ነው። ነጋዴ ኪሣራውን በዕቃ መቁጠሩ አያስወቅሰውም። ይሁንና ሱቅ ባለበት ሁሉ ጠዋት ከፍቶ ማታ የሚዘጋ፣ ጣቃ የሚያወርድ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሠራተኛ አለ። ባለ ዕቃው ጥንቁቅ ከሆነ ኪሣራውን የሚጠይቀው የመድን ኩባንያ ይኖረዋል። ሠራተኛው የቆመበትን ደመወዝ ማንን ይጠይቃል?

መንግሥትን አይጠይቅም። በኢትዮጵያ ሕግ ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን የለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 102 ከተዘረዘሩት 9 የማኅበራዊ ዋስትና ዘርፎች አንዱ የሥራ አጥነት ክፍያ ቢሆንም፣ በእኛ አገር ይኸኛው ዘርፍ አልተቋቋመም። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ በየወሩ ገቢ መደረጉ እውነት ነው። ገንዘቡ ግን ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለሞት የተቀመጠ እንጂ ሱቅ በተዘጋ ማግስት ለቤት ኪራይ የሚወጣ አይደለም።

ክፍተቱን የሞላው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው። የሞላበት መንገድ ደግሞ የመርካቶን ነጋዴ በቀጥታ ይነካዋል፤ ምክንያቱም ሕጉ መድን ሰጪ ያደረገው ባለ ሱቁን ራሱን ነው። ነጋዴው አረቦን አይሰበስብም፣ መጠባበቂያ አይዝም፣ የመድን ፈቃድም የለውም፤ ግን ሱቁ ሲዘጋ ካሣ ይከፍላል። ብዙዎቹ ይህን ግዴታ መሸከማቸውን የሚያውቁት መጥሪያ ሲደርሳቸው ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ፣ ድርጅቱ በኪሣራ ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ፣ ወይም በሕጉ መሠረት ሲቀነስ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ስሌቱ የሚነሳው በመጨረሻው ሳምንት ከተከፈለው አማካይ የቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ይኸው በ30 ይባዛል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በመዘጋት ወይም በቅነሳ ለወጣ ሠራተኛ ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል።

በቁጥር ለማየት 4 ሠራተኞች ያሉት አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተዘጋ እንበል። ገንዘብ ያዡ በ9,000 ብር ደመወዝ 12 ዓመት ሠርቷል፤ ስንብቱ 42,000 ብር፣ የ60 ቀኑ 18,000 ብር፣ በድምሩ 60,000 ብር ይሆናል። ሁለቱ ሻጮች እያንዳንዳቸው 6,000 ብር የሚከፈላቸው ናቸው። 7 ዓመት ያገለገለው 30,000፣ 4 ዓመት ያገለገለው 24,000 ብር ይደርሳቸዋል። በ4,000 ብር አንድ ዓመት የሠራው ተላላኪ 12,000 ብር አለው። ባለ ሱቁ በዚያች ቀን 126,000 ብር ባለ ዕዳ ነው ማለት ነው፤ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ገና ሳይታሰብ። ለትልቅ አስመጪ ይህ አንድ ኮንቴይነር ከወደብ የሚዘገይበትን ወጪ እንኳ ላያህል ይችላል። በዱቤ ዕቃ እየገላበጠ ለሚኖር ቸርቻሪ ግን መዝጋትን ራሱን የሚያከብድ ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ መርካቶን ከሌላው ሥፍራ የሚለይ ነገር አለ። በብዙ ሱቆች ጎበዝ ሻጭ የሚኖረው በደመወዙ ሳይሆን በኮሚሽኑ ነው። ሕጉ ደግሞ ኮሚሽንን፣ ጉርሻንና የመጓጓዣ አበልን ከደመወዝ አይቆጥራቸውም። በወር 3,000 ብር ደመወዝና 9,000 ብር ኮሚሽን የሚያገኝ ሻጭ ቤቱን የሚያስተዳድረው በ12,000 ብር ነው፤ ስንብቱ የሚሰላው ግን በ3,000 ብር ላይ ነው። 7 ዓመት ሠርቶ ቢወጣ በአዋጁ የሚያገኘው ጠቅላላ ክፍያ 15,000 ብር ሲሆን፣ ይህም የለመደውን ኑሮ ከአንድ ወር ከሳምንት አያሻግረውም። ደመወዝን ዝቅ፣ ኮሚሽንን ከፍ ማድረግ ለነጋዴው ብልጠት መስሎ ቢታይም፣ በደጉ ቀን ሻጩም የሚወደው አሠራር ነው። ጉዳቱ የሚታየው በክፉ ቀን ነው።

ውል በጽሑፍ አለመኖሩ ግን አብዛኛው ነጋዴ እንደሚያስበው መከላከያ አይሆንም። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ዝርዝሩን በ15 ቀን ውስጥ ጽፎና ፈርሞ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ይህን ባለማድረጉ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። አስቸጋሪው ማስረጃው ነው። ጡረታ ያልተከፈለለት፣ ስሙ በደመወዝ መዝገብ ያልሰፈረ ሠራተኛ ስንት ዓመት እንደሠራና ስንት ይከፈለው እንደነበር የሚያስረዳው በጎረቤት ሱቅ ምስክርነት ነው። ጎረቤቱም ነጋዴ ነው፤ ነገ በእሱ ላይ ሊመጣ የሚችል ክስ ስለሚታየው ምስክር ለመሆን አይጣደፍም። ቀጣሪ የሌለው ተሸካሚና በኮሚሽን የሚያድረው ደላላ ደግሞ ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። ደላላው ገበያ ሲሞት የሚጠይቀው አሠሪ የለውም።

ሕጉ በማይደርስበት ቦታ ሁሉ የሚቀድመው ዕቁብ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ዕጣው ገና ካልወጣለት ለዳኛው ችግሩን ነግሮ ተራ እንዲለቀቅለት መለመን የቆየ ልማድ ነው። ቀድሞ የወሰደ ከሆነ ግን መከራው ይብሳል፤ የዕቁብ መጣያው ይቀጥላል፣ ካቃተው ወደ ዋሱ ይኬዳል። በመርካቶ ዋሱ ብዙ ጊዜ አሠሪው ራሱ ስለሚሆን፣ የስንብት ክፍያና የዕቁብ ዕዳ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ዕድር በበኩሉ ለለቅሶ የቆመ ነው፤ ሥራ ፈትቻለሁ ያለ አባል ወርኃዊ መዋጮው አይቀርለትም።

ከዚህ የሚነሳው ክርክር በየሱቁ የተለመደ ነው። ሠራተኛው «ጋሼ፣ የእኔስ ነገር?» ሲል ባለ ሱቁ ዕቁብ አውጥተህ የለም ወይ፣ ጡረታህንስ ስከፍልልህ አልኖርኩም ወይ ይለዋል። በሕጉ ዓይን ሁለቱም መልስ አይሆኑም። ዕቁብ የሠራተኛው የራሱ ቁጠባ ነው። ጡረታ ወይም ፕሮቪደንት ፈንድ መኖሩ ስንብትን የሚያስቀረው በጡረታ ዕድሜ ምክንያት ለሚወጣ ሠራተኛ ነው፤ ሱቅ ተዘግቶበት የወጣውን አይመለከትም። ሠራተኛው ከኪሱ የገባው የሕይወት መድን ካለም ከስንብቱ አይቀነስም። በንግድ ሕጉ የዕቃ መድን የካሣ ውል ስለሆነ ከደረሰው ጉዳት በላይ አይከፈልበትም፤ ለአንድ ጥቅል ጨርቅ ሁለት ጊዜ ካሣ መቀበል አይቻልም። የሰው መድን ግን በተስማሙበት ገንዘብ ልክ የሚከፈል ነው። ባለ ሱቁ ለዕቃው የሚያውቀውን ደንብ ሠራተኛው ላይ ሲያውለው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የሥራ አጥነት መድን ባላቸው አገሮች ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። በእንግሊዝ አገር በመዋጮ ላይ የተመሠረተው የሥራ ፈላጊ ክፍያ የሰውየውን ቁጠባ አይመለከትም፤ በችግር መጠን የሚሰጠው ድጎማ ግን ቁጠባው ከ16,000 ፓውንድ ካለፈ ይከለከላል። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ከአሠሪ የተገኘ የስንብት ገንዘብ የመንግሥቱን ክፍያ ያዘገየዋል ወይም ይቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወቅት ቀጣሪ የሌላቸው የታክሲና የኡበር አሽከርካሪዎች ጭምር በጊዜያዊ ሕግ የሥራ አጥነት ክፍያ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ዋሽንግተን ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚተዳደሩት በዚሁ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት በእኛ አገር የተወሰደው እርምጃ ተቃራኒ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አሠሪው ሠራተኛ እንዳያሰናብት ከለከለ እንጂ ለሥራ አጡ ገንዘብ አልመደበም። የሸክሙ አቅጣጫ አልተለወጠም ማለት ነው።

ወደ እሳቱ ስንመለስ፣ ዕቃንና ሕንፃን ብቻ የሸፈነ የእሳት መድን የሠራተኛ ደመወዝ አይከፍልም። ሥራ በመቋረጡ የሚቀረውን ገቢና የማይቋረጠውን ወጪ የሚሸፍን ሌላ ውል አለ፤ ደመወዝም በመድን ገቡ ገንዘብ ውስጥ ከተካተተ በዚያው ይሸፈናል። ዕቃውን ብቻ ያስመዘገበ ነጋዴ ለጣቃው ካሣ ሲጠብቅ የሠራተኛው ሒሳብ ከኪሱ ይወጣል። ሱቁን መልሶ ለመክፈት የሚያስብ ከሆነ ግን ሕጉ መተንፈሻ ሰጥቶታል። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ከተቋረጠ፣ በ3 ቀናት ውስጥ ለከተማው የሥራና ክህሎት ቢሮ በጽሑፍ አስታውቆ የሥራ ውሎቹን እስከ 90 ቀን ማገድ ይችላል። ቢሮው ሱቁ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደማይከፈት ካመነ ሠራተኛው ስንብቱን ይጠይቃል። ሱቅ ተቃጥሎበት የቆመ ሰው በ3 ቀን ውስጥ ደብዳቤ ይጽፋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ቢሆንም፣ ያልጻፈው መከላከያውን በገዛ እጁ ያጣል።

ሱቅ የሚያሻሽጡ ደላሎችና ገዢዎች ብዙም የማያነሱት አንድ ነጥብ ይቀራል። የንግድ ድርጅት ባለቤትነት መተላለፉ የሥራ ውልን አያቋርጥም። ሥራውን ከነደንበኛው የገዛ ሰው ሠራተኛውን ከነአገልግሎት ዘመኑ ይረከባል። ከላይ የተጠቀሰውን ባለ 4 ሠራተኛ ሱቅ የገዛ ነጋዴ በማግስቱ ሁሉንም «ከዛሬ ጀምሮ አትምጡ» ቢላቸው ጉዳዩ ስንብት ብቻ አይሆንም። ከሕግ ውጭ የተባረረና ወደ ሥራ ያልተመለሰ ሠራተኛ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነ፣ በስንብቱ ላይ የ180 ቀን ደመወዝ ካሣና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ይወሰንለታል። ገዢ በቁልፍ ዋጋ ላይ ሲከራከር ከኪራይ ውዝፍና ከግብር ቀጥሎ የሠራተኞቹን የቅጥር ዘመን ቢጠይቅ ዋጋ ያስቀንስበታል። ሻጩ ዕዳውን ከፍሎ ያስረክብ ወይስ ከዋጋው ይቀነስ የሚለውም በውሉ መጻፍ አለበት። የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዳለው በዱቤ ዕቃ የሚሰጡ ጅምላ ሻጮችም ሊያውቁት የሚገባ ነው።

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ሊወሰንበት ይችላል። ሠራተኛውም በበኩሉ ከሥራ ውሉ መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያን በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቀ ክሱ በይርጋ ይታገዳል። መርካቶ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚቀረው በዚህ ነው። «ከበዓል በኋላ ና»፣ «ዕቃው ሲሸጥ» እየተባለ የሚሄደው ጊዜ ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቋርጠው አሠሪው ዕዳውን በግልጽ በጽሑፍ ሲያምን ወይም ሠራተኛው ጉዳዩን ሥልጣን ላለው አካል ሲያቀርብ ነው። በክፍል በክፍል እከፍላለሁ የሚል ነጋዴ ካለ፣ ገንዘቡ፣ ቀኑና ፊርማው ያለበት አንድ ቁራጭ ወረቀት ለዚህ በቂ ነው።