ባክቴሪያዎችና የማዕድን አፈጣጠር፤ ከቀጨኔ ወንዝ ደለል የሚገኝ ትምህርት

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቀጨኔ በሸክላ ሠሪዎቹና በሸማኔዎቹ የታወቀ ሰፈር ነው። ብረት ያለበት የሸክላ አፈር በቂ አየር ባለበት እሳት ሲተኮስ ወደ ቀይነት ይለወጣል፤ ይኸውም ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ ነው። እሳት በጥቂት ሰዓት የሚፈጽመውን ይህን መሰል ለውጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በረግረግና በወንዝ ዳር ያለ እሳት፣ በዝግታ ይፈጽሙታል።

ባክቴሪያዎቹ ይህን የሚያደርጉት ለኑሯቸው የሚያስፈልጋቸውን ኃይል ለማግኘት ሲሆን፣ ማዕድኑ የሥራቸው ተረፈ ውጤት ነው። ስለዚህ የሚፈጠረውን የማዕድን ዓይነት በአብዛኛው የሚወስነው የሚኖሩበት አካባቢ ሁኔታ ነው። ዋና ዋናዎቹ ሁኔታዎች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ የኦክስጅን መጠን። በውስጡ ብረት የሟሟበት የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ ከአየር ጋር ሲገናኝ፣ የብረት ባክቴሪያዎች ብረቱን ከኦክስጅን ጋር በማዋሐድ ዝገት የሚመስል ብርቱካናማ ዝቃጭ ያስቀራሉ። ኦክስጅን ባለቀበት ጭቃ ውስጥ ግን ሌሎች ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ሰልፌትን ይጠቀማሉ። ከዚህም የተነሣ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ ይህም ከብረት ጋር ሲዋሐድ ጥቁር የብረት ሰልፋይድ ይሆናል።

2ኛ፤ የአሲድ መጠን። ውሃው እጅግ አሲዳማ ከሆነ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ቢዋሐድም እንደ ሟሟ ይቆያል። አሲዱ ሲቀንስ ግን ወደ ታች ይዘቅጣል።

3ኛ፤ ምግብና ሙቀት። ሰልፌት ተጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው በብስባሽ ላይ ይኖራሉ። ብስባሹ ሲበዛና ሙቀቱ መጠነኛ ሲሆን ሥራቸው ይፋጠናል።

የቀጨኔ ወንዝ ከእንጦጦ ወርዶ፣ ቤቶች በተጠጋጉባቸው ሰፈሮች መካከል አልፎ ወደ አቃቂ ከሚፈሱት ውሃዎች ጋር ይቀላቀላል። እንዲህ ባለ ወንዝ ፍሳሽ ሲገባ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ በወንዙ ወለል ላይ ጥቁር ደለል የሚከማቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰልፋይድ ደግሞ እንደ እርሳስ፣ ዚንክና መዳብ ያሉትን ብረታ ብረቶች ይዞ ያስቀራል። ደለሉ ተቆፍሮ አየር ላይ ሲሰጣ ግን ሰልፋይዱ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ አሲድም ሊፈጠር፣ ታስረው የነበሩት ብረታ ብረቶችም እንደገና ሊሟሙ ይችላሉ።

በአቃቂ ዳርቻ በወንዝ ውሃ አትክልት ስለሚለማ፣ ጉዳዩ የጤናና የኑሮ ጉዳይ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻዎች ልማት ለወንዞቹ ጽዳት ትኩረት ሰጥቷል። ስለሆነም በዚህ መሰል ሥራ የሚሰማሩ ዕቅድ አውጪዎች ደለል ከመጠረጉ በፊት እንዲመረመር፣ የሚደፋበትም ቦታ ከእርሻና ከውሃ ምንጭ እንዲርቅ ማድረግ ይገባቸዋል። ፍሳሹ ከምንጩ ካልተገታ ጥቁሩ ጭቃ ተመልሶ መፈጠሩ አይቀርም።

ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤትም ይህን በተግባር ሊያሳይ ይችላል። ዘዴው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአፈር ባክቴሪያዎችን ባጠናው በሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ስም ይጠራል። በሁለት ግልጽ ጠርሙሶች ከንጹሕ ኩሬ ዳር የተወሰደ ጭቃ ከጥቂት ጀሶ ጋር ይጨመራል። በአንደኛው ብቻ የተቀዳደደ ወረቀት ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን ይታከላል። ሁለቱም ውሃ ተጨምሮባቸው፣ ክዳናቸው ሳይጠብቅ፣ ብርሃን በሚያገኝ ስፍራ ለጥቂት ሳምንታት ይቀመጣሉ። ወረቀት ያለበት ጠርሙስ ከታች ይበልጥ ሲጠቁር፣ አየር የሚያገኘው የላይኛው ክፍል ቡናማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ተማሪዎች ለውጡን በየሳምንቱ እየመዘገቡ ምክንያቱን ያስረዳሉ። ፍሳሽ ከሚገባበት ወንዝ ጭቃ መውሰድ ግን ለበሽታ ስለሚያጋልጥ መምህሩ ይህን መከልከል አለበት፤ ከሥራውም በኋላ ተማሪዎች እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ያደርጋል።