የዓባይ ሙላትና ልዕለ ኮምፒውተር

አል-ማንሺያ በምሥራቃዊ ካርቱም በዓባይ ግራ ዳርቻ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ ከማዶው ጋር የሚያገናኘው ድልድይም በስሙ ይጠራል። ክረምት ሲገባ በዚህ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ በአብዛኛው በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋና በወለጋ ደጋዎች ከጣለ ዝናብ የተጠራቀመ በመሆኑ፣ የሰፈሩን የጎርፍ ሥጋት አስቀድሞ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከካርቱም ሰማይ ይልቅ የኢትዮጵያን ደጋ ሰማይ መከታተል ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ካርቱምን ካጥለቀለቀው ጎርፍ በኋላ ሱዳን የዘረጋችው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የተመሠረተው በሜቴዎሳት ሳተላይት ምስሎች ላይ ነበር፤ የደመናው አናት እጅግ ከቀዘቀዘ ደመናው ከፍ ብሎ መቆለሉንና ዝናብ ማውረዱ እንደማይቀር ስለሚያመለክት፣ ባለሙያዎቹ ከዚህ ተነሥተው የወንዙን ከፍታ ያሰሉ ነበር። ስሌቱ ግን የጣለውን ዝናብ እንጂ ገና ያልጣለውን ስለማያይ፣ የሚሰጠው ፋታ ውሃው እስከ ካርቱም ለመድረስ ከሚፈጅበት ጥቂት ቀናት አያልፍም።

ያልጣለውን ዝናብ መተንበይ የሚቻለው ከባቢ አየርን በምናብ ወደ ሳጥኖች ከፋፍሎ፣ በየሳጥኑ ያለው ነፋስ፣ ሙቀትና እርጥበት እንዴት እንደሚለወጥ በፊዚክስ ቀመሮች ደረጃ በደረጃ በማስላት ነው። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በ1922 ይህን ሐሳብ ሲያቀርብ ሥራው 64,000 ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲያሰሉ የሚጠይቅ መስሎት ነበር፤ በ1950 ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር የ24 ሰዓቱን ትንበያ ለማውጣት 24 ሰዓት ያህል ፈጀበት፤ ትንበያው የወጣው አየሩ ራሱ ከተለወጠ በኋላ ነው ማለት ነው። የዛሬው ልዕለ ኮምፒውተር ሳጥኖቹን ለብዙ ሺህ ፕሮሰሰሮች ያከፋፍላል። ይህ ትይዩ ስሌት የሚባለው አሠራር ደቦን ይመስላል፤ ሆኖም ደቦ የወጣ ገበሬ የጎረቤቱን ትልም ሳይጠብቅ ሲያርስ፣ ፕሮሰሰር ግን ድንበርተኛው የደረሰበትን ውጤት ሳይቀበል ወደ ቀጣዩ እርምጃ አያልፍም፤ በመሆኑም የማሽኑን አቅም የሚወስነው የፕሮሰሰሮቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን መልእክት የሚለዋወጡበት ፍጥነት ጭምር ነው።

ኮምፒውተሩ ቦሎኛ፣ ጣሊያን የሚገኘው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል በ2023 የስብስብ ትንበያውን ሳጥን ከ18 ወደ 9 ኪሎ ሜትር ሲያጠብ፣ ሳጥኖቹ በአራት እጥፍ በመብዛታቸውና የጊዜ እርምጃውም አብሮ ማጠር ስለሚገባው፣ በመርህ ደረጃ ስሌቱ ስምንት እጥፍ ይከብዳል። በዚያ ላይ ስብስብ ትንበያ ማለት መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጡ አንዱን ስሌት 51 ጊዜ መድገም ነው፤ ምክንያቱም መነሻው ላይ የተፈጠረች ትንሽ ስሕተት ከቀናት በኋላ ትልቅ ልዩነት ታመጣለች። የዓለም አቀፉ የጎርፍ ትንበያ ሥርዓት ግሎፋስ ዓባይ ከልኩ የማለፍ ዕድሉ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚናገረው ከእነዚህ ውጤቶች ተነሥቶ ነው።

የደጋው ነጎድጓዳማ ደመና ግን ብዙ ጊዜ ከ9 ኪሎ ሜትር ስለሚጠብ በሳጥኖቹ መካከል ያመልጣል። ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ለኢትዮጵያና ለኬንያ የሞከረው ዘዴ ይህን ጉድለት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያርማል፤ ዘዴው አንዴ ከሠለጠነ በኋላ ልዕለ ኮምፒውተር የማይጠይቅ በመሆኑ፣ ለአካባቢው አገሮች ከማንኛውም ግዙፍ ማሽን ይልቅ የሚጠቅም ይመስላል።

በ2020 መስከረም ወር በካርቱም የዓባይ ከፍታ ከ17 ሜትር ተኩል አልፎ የ1946ንና የ1988ን ሲበልጥ፣ ጥያቄው በዋናነት ስለ ዝናብ ነበር። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2025 ከተመረቀ ወዲህ ግን ካርቱም የሚደርሰው ውሃ በዝናቡ ብቻ ሳይሆን በሚለቀቀውም መጠን ይወሰናል፤ ይህን ቁጥር ደግሞ የከባቢ አየር ቀመር አያወጣውም። የቦሎኛው ማሽን ፍጥነቱ ዐሥር እጥፍ ቢያድግ እንኳ፣ የግድቡ የዕለት መረጃ ለካርቱም በወቅቱ እስካልደረሰ ድረስ ለአል-ማንሺያ ነዋሪ የሚሰጠው ትንበያ ጎደሎ ነው።