በሰማይ ላይ የሚጠጣ ቡና

አንባቢ ሆይ፤ ከደሴ ተነሥተህ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልዲያ ስትጓዝ፣ መርሳ ሳትደርስ ውርጌሳ የምትባለውን ከተማችንን ታገኛለህ። አውቶቡስህ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ቢቆም በመስኮቱ መጀመሪያ የሚገባው አቧራ ነው፤ ቀጥሎ የሚገባው የሚቆላ ቡና ሽታ ነው። ስለ አይሮፕላን ቡና ለመጻፍ ከዚህ መነሣቴ ያስገርምህ ይሆናል። በውርጌሳ አይሮፕላን አያርፍም፤ በላያችን ያልፋል እንጂ። ነገር ግን ነገሩ የተነሣው እዚሁ በጎረቤቴ ረከቦት ዙሪያ ስለ ሆነ ሌላ መነሻ የለኝም።

የጎረቤቴ ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት አምስት ዓመት ስትሠራ ከቆየች በኋላ ባለፈው ክረምት ተመለሰች። በእኛ በሀብሩ አካባቢ እንዲህ ያለ ልጅ ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። እንኳን ደህና መጣሽ ለማለት መንደሩ ተሰበሰበ፤ ቄጠማው ተጎዘጎዘ፤ ዕጣኑ ጨሰ፤ ቡናው ተቆላ። ሽማግሌው መርቀው አሚን ካልን በኋላ እናቲቱ የመጀመሪያውን ስኒ ለልጃቸው ሰጡና፣

«ለመሆኑ በአይሮፕላኑ ላይ ቡና ይሰጣሉ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ይሰጣሉ እማዬ፤ ግን ቡና ያየ ውሃ ነው» አለች ልጅቱ።

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሣቀ። እናቲቱ ግን አልሣቁም።

«ከማን ጋር ጠጣሽው?»

«ብቻዬን። ሦስት መቶ የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ ግን እዚያ ሁሉም ለየብቻው ነው የሚጠጣው።»

በኋላም ቤቱ ሲረጋጋ እንዲህ ስትል አጫወተችኝ፦ «ጋሼ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ለሰው ቡና አፈላሁ። ወደ አገሬ ስመለስ ‹ቡና ትፈልጊያለሽ ወይ?› ስባል ልቤ ደስ ብሎት ነበር። አንድ ጊዜ ቀመስኩና አስቀመጥኩት።»

የማን አይሮፕላን እንደ ነበረ መጥቀስ አያስፈልግም፤ ቅሬታው በዓለም ዙሪያ የሚበርሩ የብዙ መንገደኞች ቅሬታ ነውና። እኔ ራሴ በአይሮፕላን የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያውም ጉዞው ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ስለ ነበረ ቡና ሳይደርሰኝ ወረድኩ። ሆኖም የፊዚክስ መምህር ነኝና «ቡና ያየ ውሃ» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሣኝ። ቡናን ለዓለም የሰጠች አገር ልጅ በሰማይ ላይ ጥሩ ቡና ስለምን አታገኝም? ነገሩን መርምሬ ያገኘሁትን እነሆ ላካፍልህ።

የበረራ መጀመሪያችን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቲ.ደብሊዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል መሠረት ነው። የመጀመሪያው መደበኛ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። አይሮፕላኑ ከጦርነቱ የተረፈ ዳግላስ ሲ-47 ነበር። በዚያን ዘመን በነዚህ አይሮፕላኖች ውስጥ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ ታጣፊ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ጭነቱ በመካከል ተደርድሮ ይጓዝ ነበር። እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ ስለ ቡና ጣዕም የሚከራከር ሰው አይኖርም፤ በደህና መድረሱ ይበቃዋል።

ነገር ግን ሥራ በልምድ ይሻሻላል። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የመንገደኞች አይሮፕላን አዛዥ ሆኑ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ቢ የተባሉት ጄቶች መጡ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ ድሪምላይነር የተባለው ቦይንግ 787 ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀድሞ በቦሌ አረፈ። የባዕድ ባለሙያዎች ያበርሩት የነበረውን ተምረን ራሳችን ማብረር ከቻልን፣ አንድ ስኒ ቡና አሳምሮ ማቅረብ ከዚያ የሚከብድ ሥራ ነውን?

አየር በከረጢት ውስጥ

ብዙ ሰዎች ጥፋቱን በከፍታው ላይ ይጥላሉ። ክርክራቸው ይህ ነው፦ ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል፤ የውሃውም መፍያ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ጄቱ በ11,000 ሜትር ገደማ ሲበርር መንገደኛው እንዳይታፈን አየር ወደ ውስጥ ይታመቃል። ሆኖም የባሕር ጠለልን ያህል አይታመቅም፤ ያ ቢደረግ የአይሮፕላኑ አካል እጅግ ወፍራምና ከባድ መሆን ነበረበትና። ስለዚህ በውስጡ ያለው አየር በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው እንዳያንስ ሆኖ ይጠበቃል። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። «እንግዲህ ውሃው በሚገባ ሳይግል ቡናው እንዴት ይወጣል?» ይላሉ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም በልና አስብ። 2,400 ሜትር ማለት ምን ማለት ነው? አዲስ አበባ ማለት ነው! የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። በአራት ኪሎ፣ በመርካቶ፣ በጉለሌ እናቶቻችን ቡና የሚያፈሉት አይሮፕላኑ በሚያፈላበት የአየር ግፊት ነው። እንዲያውም በድሪምላይነር ውስጥ አየሩ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንዳለው ስለሚሆን፣ ውሃው በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይግላል ማለት ነው። የቡና ባለሙያዎችም በማጥለያ ለሚፈላ ቡና የሚመክሩት ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ባስረዳሁ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «እንግዲያውስ ጥፋቱ የሰማዩ አይደለም፤ የሰውየው ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ሁሉንም አላለም።

ምላስና አፍንጫ ሲከዱ

ሰማዩ ቡናውን ባያበላሽ ጠጪውን ግን ያደክማል። በአይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እጅግ ደረቅ ነው፤ ርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከመቶ 20 በታች ይወርዳል። አፍ ይደርቃል፤ አፍንጫም ይደርቃል። የቡና ጣዕም የምንለው አብዛኛው ሽታ መሆኑን ጉንፋን የያዘው ሰው ሁሉ ያውቃል። አፍንጫው የደረቀ መንገደኛም ጉንፋን እንደ ያዘው ሰው ይጠጣል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጀርመኑ ሉፍታንዛ አየር መንገድ ፍራውንሆፈር የተባለውን የምርምር ተቋም ይህን ጉዳይ እንዲመረምር ጠይቆ ነበር። ተመራማሪዎቹ የአይሮፕላን አካል በምድር ላይ በትልቅ ቱቦ ውስጥ አስገብተው፣ ግፊቱንና ርጥበቱን ቀንሰው፣ ሰዎችን ምግብና መጠጥ አቀመሱ። የጨውና የስኳር ጣዕም በግልጽ ደክሞ ተገኘ፤ መራራውና ጎምዛዛው ግን እምብዛም አልተለወጠም። በ2015 ደግሞ በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንደ አይሮፕላን ባለ 85 ዴሲቤል ጫጫታ መካከል ሆነው ቢቀምሱ፣ የጣፋጭ ጣዕም ስሜታቸው እንደሚቀንስ ታየ። ጣፋጩ ሲደክም መራራው ብቻውን ይቀራል። ያቺ ልጅ ሁለት ስኳር ጨምራ ቡናው ያልጣፈጣት ቢሆን፣ ምላሷ አልዋሸም፤ ደርቆና ደንቁሮ ነው።

የሚንጠባጠበው ማሽን

ቀጥሎ የአፈላሉን ነገር እንመልከት። በአይሮፕላን ላይ ከሰል አይነድም፤ ዕጣን አይጨስም። አስተናጋጇ ቀድሞ የተቆላ፣ ቀድሞ የተፈጨና ተመዝኖ የታሸገ ቡና በማሽኑ ውስጥ ታስገባለች። ከአይሮፕላኑ ማጠራቀሚያ የመጣ ሙቅ ውሃ በላዩ ያልፋል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማንቆርቆሪያው ይሞላል። ብዙ ረድፍ ሰው ስለሚጠብቅ ቡናው በሙቅ ሳህን ላይ ይቆያል፤ በቆየም መጠን ይመራል። አይሮፕላኑ በነፋስ ቢናወጥ ደግሞ ሰው እንዳይቃጠል ማደሉ ይቋረጣል።

ስለ ውሃውም ልናገር ይገባኛል። ከማጥለያ ከወረደ አንድ ስኒ ቡና ከመቶ 98 የሚሆነው ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት 327 የመንገደኞች አይሮፕላኖችን መርምሮ፣ ከመቶ 15 በሚሆኑት ውሃ ውስጥ ኮሊፎርም የተባለውን ባክቴሪያ አገኘ። ስለዚህ በ2009 የውሃ ማጠራቀሚያዎች በየጊዜው እንዲታጠቡና እንዲመረመሩ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ደንቡ የወጣው ሰዎች ስለ ጠየቁ መሆኑን ልብ በል። መንገደኛ ዝም ካለ ጋኑን የሚከፍት አይገኝም።

ከጀበናው ምን እንማራለን?

አሁን ወደ ጎረቤቴ ቤት እንመለስ። እናቲቱ ቡናውን ያጠቡት፣ የቆሉት፣ የወቀጡትና ያፈሉት እዚያው በፊታችን ነበር። ጥሬው ስኒ እስኪሆን ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም፤ ሽታው ለመጥፋት ጊዜ አያገኝም። በጀበናው ውስጥ ቡናውና ውሃው አብረው ይንተከተካሉ፤ እንደ ማሽኑ ተሳልመው አይለያዩም። ከዚያም ጀበናው ዘንበል ተደርጎ እስኪሰክን ይጠበቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ሦስት ጊዜ መጠጣት ብቻ አይደለም፤ ለጨዋታ፣ ለዕርቅና ለምርቃት ጊዜ መስጠት ነው።

ይህን ሁሉ በ11,000 ሜትር ላይ እናድርገው ማለቴ አይደለም፤ ከሰል ባነደድን ጊዜ አብራሪው ምን እንደሚለን አውቃለሁ። ሆኖም ቡናው አዲስ የተፈጨ፣ መጠኑ ያልተሰሰተበት፣ ውሃው ንጹሕ፣ ማንቆርቆሪያውም ሳይቆይ የሚቀዳ እንዲሆን ማድረግ የሚያዳግት አይደለም። በውጭ አገር አየር መንገዶች ከታወቁ ቡና ቆዪዎች ጋር ይዋዋላሉ፤ ዩናይትድ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2016 ኢሊ የተባለውን የጣልያን ቡና ማቅረብ መጀመሩ አንድ ምሳሌ ነው። ጣልያን ቡና አታበቅልም፤ አቆላሉን ግን ሙያዋ አድርጋ ስሙን ትሸጣለች።

የእኛን ስም በተመለከተ ብዙ ደክመናል። መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲታወቁለት ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ደረሰ። ደስ ይላል፤ ይገባናልም። ዳሩ ግን ስም ብቻውን ስኒ አይሞላም። ገበሬው ተጠንቅቆ ለቀመው፤ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ለቀሙት፤ መርከብ ተሻገረ። ይህ ሁሉ የወራት ድካም በመጨረሻው አምስት ደቂቃ፣ በመጨረሻዋ እጅ ይበላሻል። ጠጪውም የሚያውቀው የመጨረሻውን እጅ ብቻ ነው።

ለአንተም የሚሆን ነገር

አንባቢ ሆይ፤ አንተ ተማሪ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት አጠገብ የምትሠራ ጀማሪ ሠራተኛ ትሆናለህ። «እኔ ከአይሮፕላን ቡና ጋር ምን አለኝ?» ትል ይሆናል። ሕጉ ደግ ሊሆን ይችላል፤ በጀቱም ሊመደብ ይችላል፤ ብዙ ሰዎችም በቅን ልቡና ደክመውበት ይሆናል። ባለጉዳዩ ግን መንግሥትን የሚቀምሰው በአንተ መስኮት ነው። ፊትህን አጥቁረህ «ነገ ተመለስ» ስትለው፣ የዚያን ሁሉ ሰው ድካም ቡና ያየ ውሃ አድርገህ ሰጠኸው ማለት ነው።

መንገደኛ በሆንክም ጊዜ ዝም አትበል። የቀረበልህ ነገር መጥፎ ከሆነ ሳትሳደብ፣ ሳትጮህ፣ በትሕትና ተናገር፤ አስተያየት መስጫ ካለም ጻፍ። ይሉኝታ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተበላሸ ነገር በይሉኝታ ሲታለፍ ለሚቀጥለው መንገደኛ ይተርፋል።

ስለ ልጅቱ ልንገርህና ልጨርስ። እንደገና ልሂድ ወይስ ልቅር እያለች ሁለት ወር ያህል ተጨነቀች። ደላላው ሁለት ጊዜ መጣ። እናቲቱ ሂጂም ቅሪም አላሏትም፤ ጠዋት ጠዋት ጀበናውን እያቀረቡ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። አሁን አውቶቡሶች በሚቆሙበት በመንገዱ ዳር ጀበና ቡና ጀምራለች። ገቢው ከዓረብ አገር ደመወዝ ጋር አይወዳደርም፤ እስከ መቼ እንደምትቆይ እርሷም አልወሰነችም።

አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። ስኒውን ይዞ ለብቻው ጥግ የሚቆም መንገደኛ ሲያጋጥማት በርጩማ ስባ፣ «ና ወንድሜ፣ እዚህ ከሰዎቹ ጋር ተቀመጥ» ትለዋለች። በውርጌሳ በኩል ካለፍክ ውረድና ጠጣ፤ አውቶቡሱ ይጠብቅሃል።