በቀላሉ ለሚቆጣ ቆዳ ለዘብ ያሉ አሲዶች

የቆዳ የላይኛው ንብርብር እንደ ጡብ በተደራረቡ የሞቱ ሕዋሳትና በመካከላቸው በሚገኝ ቅባት የተገነባ ነው። ይህ ንብርብር የሰውነት ውኃ እንዳይተን፣ ጀርሞችና ኬሚካሎችም ወደ ውስጥ እንዳይዘልቁ ይከላከላል። በቀላሉ የሚቆጣ ቆዳ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ መከላከያ የሳሳበት ሲሆን፣ በሳሙና፣ በሽቶ፣ በብርድ ወይም በጸሐይ ሳቢያ ቶሎ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ ላይታይ ስለሚችል መቆጣቱ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

የሞቱት ሕዋሳት በጊዜያቸው ሳይረግፉ ሲቀሩ ቆዳ ይሻክራል፣ ወዙንም ያጣል። እነርሱን ለማስወገድ ፊትን በሻካራ ነገር መፈተግ የሚቆጣን ቆዳ ይበልጥ ይጎዳል። አልፋ ሃይድሮክሲ አሲዶች የሚባሉት ውሕዶች ግን ሕዋሳቱን ያያያዘውን ትስስር በማላላት በቀስታ እንዲረግፉ ያደርጋሉ። ቫን ስኮትና ዩ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 እነዚህ አሲዶች ኢክቲዮሲስ ለተባለው ቆዳን የሚያደርቅና የሚያቀርፍ ሕመም እንደሚረዱ ካሳወቁ ወዲህ አገልግሎታቸው እየሰፋ መጥቷል።

ሁሉም አሲዶች ግን እኩል ኃይል የላቸውም። በሸንኮራ አገዳ ውስጥ የሚገኘው ግላይኮሊክ አሲድ ሞለኪዩሉ ትንሽ ስለሆነ በፍጥነት ወደ ቆዳ ይዘልቃል፤ ሊያቃጥልም ይችላል። በእርጎ ውስጥ የሚገኘው ላክቲክ አሲድ ከእርሱ ለዘብ ያለና ውኃን በቆዳ ውስጥ የሚያቆይ ነው። የማንደሊክ አሲድ ሞለኪዩል የግላይኮሊክን እጥፍ ያህል ይከብዳል። ግሉኮኖላክቶንና ላክቶባዮኒክ አሲድ ደግሞ ከዚያም የከበዱና ቀስ ብለው የሚዘልቁ በመሆናቸው ለሚቆጣ ቆዳ ይበልጥ ይስማማሉ።

ጠቆር ያለ ቆዳ ከተቆጣ በኋላ ጥቁር ምልክት የመተው ባሕርይ አለው፤ ምልክቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ማዲያትን ለማጥፋት ተብሎ የተቀባ ኃይለኛ አሲድ ሌላ ጥቁረት ሊያስከትል ይችላል። ሎሚ ፊት ላይ መቀባትም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። የሎሚ ጭማቂ እጅግ አሲዳማ ከመሆኑም በላይ ከጸሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮችን ይዟል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ አልፋ ሃይድሮክሲ አሲዶች ቆዳ በጸሐይ የመቃጠል ዕድሉን ሊጨምሩ እንደሚችሉ በማሸጊያቸው ላይ እንዲገለጽ፣ ተጠቃሚውም ካቆመ በኋላ ለአንድ ሳምንት ጭምር እንዲጠነቀቅ መክሯል። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የጸሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚበረታ፣ ይህ ምክር ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች የበለጠ ይሠራል። የጸሐይ መከላከያ ቅባት፣ ባርኔጣና ጥላ መጠቀም የሕክምናው አካል መሆን አለበት።

አጠቃቀሙ እንደሚከተለው ቢሆን ይመረጣል፦

– መጠኑ ዝቅተኛ የሆነውን፣ ለምሳሌ አምስት በመቶ ላክቲክ አሲድ ያለውን መምረጥ፤
– ለጥቂት ቀናት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ መሞከር፤
– በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማታ በመቀባት መጀመር፤
– ከዚያ በኋላ ሽቶ የሌለው ማለስለሻ ወይም ቫዝሊን መቀባት፤
– ለብጉር ከሚታዘዙ የሬቲኖይድ ቅባቶች ጋር በአንድ ምሽት አለመደረብ።

ቀለል ያለ ስሜት ወዲያው ይጠፋል። የማያቋርጥ ማቃጠል፣ ማበጥ ወይም መላጥ ከታየ ግን ማቆም ያስፈልጋል። የቆሰለ ወይም ችፌ ያለበት ቆዳ አሲድ ሊቀባ አይገባም።

ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ያለበት የማቅያ ቅባት የተጠቀመ ሰው ቆዳው ስለሚሳሳ፣ በተፈጥሮው የሚቆጣ ቆዳ ያለው ሊመስለው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው በአሲድ ከመጀመሩ በፊት፣ ይጠቀምበት የነበረውን ቅባት ይዞ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይኖርበታል።