የእንግዳ ስምና የአከራይ ጥንቃቄ

በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል መሠረት የጋምቤላ ወደብ ተከፍቶ በባሮ ወንዝ የእንፋሎት መርከብ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ፣ ጎሬ የቡና ነጋዴ የሚመላለስባት ከተማ ሆና ኖራለች። እንደ ሌላው የአገራችን ገበያ ሁሉ፣ የማይታወቅ ሰው እምነት የሚያገኘው በዋስ ነበር።

ዛሬ በሌላው ዓለም ዋሱ የብዙ ሰዎች ጽሑፍ ሆኖአል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው ኤርቢኤንቢ፣ ክፍሉን ለጥቂት ቀን የሚያከራይ ሰው የቀድሞ አከራዮች ስለ እንግዳው የሰጡትን ምስክርነት እንዲመለከት ያደርጋል። የሚመዘኑትም ንጽሕናው፣ የቤቱን ደንብ ማክበሩና ለመልእክት በቅንነት መመለሱ ናቸው። ምስክርነቱ በፍርሃት ወይም በቂም እንዳይበላሽ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሁለቱም ወገን ጽፈው እስኪጨርሱ ወይም 14 ቀን እስኪያልፍ ድረስ አንዱ የሌላውን ቃል እንዳያይ ተደንግጓል።

ነገር ግን ምስክር የሌለው አዲስ እንግዳ በምን ይመዘናል? አደጋው እዚህ ላይ ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ5 የአሜሪካ ከተሞች ለሚገኙ 6,400 ያህል ቤቶች ጥያቄ ልከው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ስማቸው የጥቁር አሜሪካውያን የሚመስል ጠያቂዎች ከሌሎቹ በ16 በመቶ ያነሰ ተቀባይነት ማግኘታቸውን አስረድተዋል። ጠያቂዎቹ ሁሉ ምስክርነት አልነበራቸውም። ሌሎች ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ፣ አንድ ምስክርነት ብቻ ሲጨመር ልዩነቱ በአኃዝ የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግዳው ፎቶግራፍ ለአከራዩ የሚታየው ጥያቄው ከተፈቀደ በኋላ እንዲሆን ወሰነ።

ከዚህ ለጎሬና ለመቱ የማደሪያ ባለቤቶች የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል። የእንግዳውን መታወቂያ መመዝገብ ተገቢ ነው፤ ማንነቱን እንጂ ጠባዩን ግን አይነግርም። ስለዚህ ባለቤቱ ያየውን ብቻ ይጻፍ፤ ሒሳቡን በወቅቱ መክፈሉን፣ ዕቃ አለማበላሸቱን፣ ጎረቤት አለማወኩን። ወሬና ጥርጣሬ ግን በመዝገብ ሊገቡ አይገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚመጣውም መያዣ ይጠየቅ እንጂ፣ በስሙ፣ በትውልዱ ወይም በአነጋገሩ አይመለስ። መያዣውም ከአዲስ መጪ ሁሉ እኩል ይሁን።

በቡና መልቀሚያ ወራት ከሩቅ የሚመጣ ወጣት ወኪል ማደሪያ አጥቶ ቢመለስ፣ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። የሚገዛው ቡናም ወደ ሌላ ከተማ ገበያ ይሻገራል።