ለጥንዶች ቆይታው ይካፈላል፣ መንገዱ አይካፈልም

አውሮፓን በትንሽ ገንዘብ ለወራት ስለ መዞር የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ለብቻው ለሚጓዝ ወጣት የታሰበ ነው። የሆስቴል አልጋ ያዝ፣ ርካሽ በረራ ጠብቅ፣ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ከተማ ቀይር ይላል። ባልና ሚስት ይህንኑ ተከትለው ሲወጡ ገንዘቡ ካሰቡት ቀን ቀድሞ ያልቃል፤ የሁለት ሰው ወጪ በሁሉም ነገር እኩል አያድግምና። አንዳንዱ በእርግጥ እጥፍ ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን ሁለተኛ ሰው ስለ ተጨመረ ብዙም አይንቀሳቀስም። የባቡር ትኬት፣ የአውሮፕላን ወንበር፣ የሙዚየም መግቢያ፣ ምግብ ቤት ውስጥ የሚቀርብ ሳህን በነፍስ ወከፍ ይከፈላሉ። የክፍሉ ኪራይ፣ ምድጃው፣ ማሞቂያው፣ የልብስ ማጠቢያው ደግሞ ለቤቱ ነው የሚከፈሉት። የእኔ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ልዩነት ነው፦ ለጥንዶች ቆይታ ይካፈላል፣ መንገድ አይካፈልም። ስለዚህ የሁለት ሰው ረጅም ጉዞ የሚረክሰው ርካሽ ትኬት በማሳደድ ሳይሆን በየደረሱበት ረጋ ብሎ በመቀመጥ ነው።

ከመኝታው እንጀምር። የሆስቴል የጋራ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ 30 ዩሮ ነው እንበል። ለብቸኛ ተጓዥ ደህና ዋጋ ነው። ጥንዶች ግን 60 ዩሮ ከፍለው ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ያድራሉ፤ በዚያው ገንዘብ ከመሀል ከተማ ወጣ ባለ ሰፈር ማብሰያ ያለው ክፍል ለብቻቸው ሊያገኙ ይችላሉ። ቆይታው ሲረዝም ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። አከራይ ለሳምንትና ለወር ዋጋ የሚቀንሰው ከደግነት የተነሳ አይደለም፤ እንግዳ በተቀያየረ ቁጥር ጽዳት፣ ቁልፍ መቀበልና ማስረከብ፣ በመሀል ቤቱ ባዶ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ስለሚመጡበት ነው። አንድ ጊዜ የሚከፈል የጽዳት ክፍያ 40 ዩሮ ቢሆን፣ ሁለት ሌሊት ያደረ ሰው በየሌሊቱ 20 ዩሮ ይጨመርበታል፤ 20 ሌሊት ያደረ 2 ዩሮ ብቻ። ወጥ ቤቱም እንዲሁ ነው። ሁለት ቀን ለሚቆይ ሰው ዘይት፣ ጨው፣ ሩዝና ሽንኩርት ገዝቶ ግማሹን ጥሎ መሄድ ኪሳራ ስለሆነ ውጭ ይበላል። ሦስት ሳምንት የሚቀመጥ ግን እንደ ቤቱ ይሸምታል፣ ሽሮውን ይሠራል። ውጭ መብላት ያማራቸው ቀን ደግሞ ቆይታ ራሱ ቦታውን ያስተምራል፦ በስፔን የምሳ ሰዓቱ የዕለት ምግብ በአንድ ዋጋ መጀመሪያና ዋና ምግብ ከነዳቦውና ከነመጠጡ የሚያቀርብ ሲሆን፣ በፖላንድ ደግሞ «ባር ምሌችኒ» የሚባሉት፣ ከሶሻሊስቱ ዘመን የተረፉ ቀላል ምግብ ቤቶች እስከ ዛሬ የመንግሥት ድጎማ ያገኛሉ።

አሁን ወደ መንገዱ። በ90 ቀን 30 ከተማ የሚያዩ ጥንዶች 29 ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ 9 ከተማ የሚያዩ 8 ጊዜ። አንዱ ጉዞ በአማካይ ለአንድ ሰው 35 ዩሮ ቢወስድ፣ የመጀመሪያዎቹ 2,030 ዩሮ፣ ሁለተኞቹ 560 ዩሮ ያወጣሉ። ልዩነቱ 1,470 ዩሮ ነው፤ ይህም ገና ትኬቱ ብቻ ሲቆጠር ነው። የመንገድ ቀን የራሱ ወጪ አለው፦ ጠዋት ክፍል ተለቅቆ አዲሱ እስኪከፈት ሻንጣ ማስቀመጫ ይከፈላል፣ ጣቢያ ላይ ምሳ ይገዛል፣ ደክሞ የደረሰ ሰው ደግሞ ታክሲ ይይዛል።

እዚህ ላይ የሚመጣው መልስ «በረራው እኮ 20 ዩሮ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ትኬት አለ። ነገር ግን ትኬቱ የት እንደሚያወርድ መታየት አለበት። ፍራንክፈርት ሃን የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ፓሪስ ተብሎ የሚሸጠው ቦቬ ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ ከተማው የሚወስደው አውቶቡስ በሰው ይከፈላል፣ ሻንጣውም በሰው ይከፈላል፤ ሁለቱን በሁለት ስታባዙ ርካሹ ትኬት ርካሽነቱን ያጣል። የባቡር ማለፊያ ካርዱም ከዚህ አያመልጥም። ከ1972 ጀምሮ ያለው ኢንተርሬይል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እያልኩ ነው) አውሮፓ ውስጥ ለሚኖሩ፣ ዩሬይል ደግሞ ከውጭ ለሚመጡ የተዘጋጀ ነው። ሁለቱም የሚያዋጡት በብዛት ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው፤ ብዙ መንቀሳቀስ ደግሞ ጥንዶችን የሚጎዳው ራሱ ነው። በዚያ ላይ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በጣሊያን ፈጣን ባቡሮች ማለፊያ የያዘም ሰው ለወንበር ማስያዣ በተጨማሪ ይከፍላል። የሌሊት ባቡር «የአንድ ሌሊት ማደሪያ ያድናል» መባሉም ለብቸኛው ተጓዥ ነው የሚሠራው፤ የባቡሩ አልጋ ዋጋ በሰው ስለሆነ ጥንዶች ለሁለት አልጋ ከፍለው የሚያድኑት አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ረጋ ያለ ተጓዥ የሚጠቀምባቸው መጓጓዣዎች ሌሎች ናቸው። ጀርመን በ2023 በ49 ዩሮ የጀመረችው የወር ትኬት በ2025 ዋጋው 58 ዩሮ ነበር፤ ቢሆንም ለአንድ ወር በአገሪቱ ያሉትን የከተማ አውቶቡሶች፣ ትራሞችና የክልል ባቡሮች ያስጠቅማል። ፈጣኖቹን ባቡሮች አይጨምርም፤ ለሚቸኩል ሰው አይሆንም፣ ወር ሙሉ ለሚቀመጡ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። በጣሊያን የክልል ባቡር ዋጋ በርቀት የተወሰነ ስለሆነ በጉዞው ዕለት ቢገዛም አይጨምርም፤ ከወራት በፊት አስቀድሞ መግዛት ለፈጣኑ ባቡር ነው። ሉክሰምበርግ ከ2020 ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻን ለሁሉም ሰው በነፃ አድርጋለች።

ትልቁ ተቃውሞ ግን ከገንዘብ አይመጣም። «ቪዛው በስንት መከራ የተገኘ ነው፤ ደግመን ላናገኘው እንችላለን፤ ታዲያ አንድ ከተማ ላይ ሦስት ሳምንት መቀመጥ ዕድልን ማባከን አይደለም?» የሚል ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከሰኔ 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ ኢትዮጵያ ዜጎቿን መልሶ በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አላሳየችም ብሎ፣ የተለመደው የ15 ቀን የማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜ ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን እንዲሆንና ከኅብረቱ ዜጎች ቤተሰቦች በስተቀር ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ ወስኗል። ተራውን መንገደኛ በማያውቀው የመንግሥታት ጉዳይ የሚያስከፍል ውሳኔ ነው፤ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ሆኖም ውሳኔው ወደ ችኮላ የሚገፋ ቢመስልም፣ ሕጉ ራሱ ሲታይ የሚጠቅመው የተረጋጋውን ነው። ማመልከቻው የሚገባው ረጅሙ ቆይታ ወደሚሆንበት አገር ቆንስላ ነው፤ ስድስት አገር እኩል የተከፋፈለበት ዕቅድ ዋና መዳረሻ የሌለው ስለሚመስል ጥያቄ ያስነሳል። ቆንስላው በቂ ገንዘብ መኖሩንም ይጠይቃል፤ ፈረንሳይን ብንወስድ፣ አመልካቾች የሆቴል ማስያዣ ካላቸው በቀን በሰው 65 ዩሮ፣ በዘመድ ተጋብዘው የግብዣ ወረቀት ካላቸው ደግሞ የዚያን ግማሽ እንዲያሳዩ ትጠይቃለች። ለሁለት ሰው ለ30 ቀን በ65 ሒሳብ 3,900 ዩሮ መሆኑ ነው። ይህ ለቆንስላው የሚታይ ገንዘብ እንጂ የግድ የሚወጣ አይደለም፤ ጥንዶች ጉዞውን ከሚያቅዱበት በጀት ጋር ባያምታቱት ጥሩ ነው።

ደግሞስ ረግቶ መቀመጥ ማለት ጥቂት ማየት ነው ያለው ማን ነው? ቪየና ቤት የያዘ ሰው ብራቲስላቫን በአንድ ሰዓት ገደማ ባቡር ደርሶ፣ ሌላ አገር አይቶ፣ ማታ እዚያው አልጋው ላይ ይተኛል። ቦሎኛ የተቀመጠ በክልል ባቡር ፌራራን፣ ሞዴናን፣ ፓርማን፣ ራቬናን ያለ ሻንጣ ያዳርሳል። ማድሪድ ሁለት ሳምንት የቆየ ፕራዶ ሙዚየም በየዕለቱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት በነፃ ስለሚከፈት ደጋግሞ ይገባል፤ ለሁለት ቀን የመጣው ግን ሰልፉ ረዘመብኝ ብሎ ከፍሎ ይገባል ወይም ይተወዋል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ቪዛው ሦስት ሳምንት ብቻ ከሆነም ክርክሬ አይፈርስም፤ አንድ ወይም ሁለት ማረፊያ ይበቃል።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የሚያመጣው ሌላ ግዴታ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ከሸንገን ክልል የወጣ ሰው ቀኑ ቢቀረውም ተመልሶ አይገባም። ለንደን ያለችውን እኅት ለመጠየቅ ብቅ ማለት፣ ቤልግሬድን ወይም ቲራናን አይቶ መመለስ፣ በኢስታንቡል በኩል መዞር፣ ሁሉም ጉዞውን ይዘጉታል። ስለዚህ ርካሹን ምሥራቅ የሚፈልጉ ጥንዶች ከክልሉ ሳይወጡ ሊፈልጉት ይገባል። እዚህ ላይ ደህና ዜና አለ። ቡልጋሪያና ሮማኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በየብስ ድንበራቸውም ሙሉ የሸንገን አባል ሆነዋል። በ2023 የሁለቱ አገሮች የፍጆታ ዋጋ ከኅብረቱ አማካይ ወደ 60 በመቶ ገደማ ነበር፤ የዴንማርክ ደግሞ አማካዩን ከ40 በመቶ በላይ ይበልጥ ነበር። አንድ ሳምንት በኮፐንሃገን የሚበላው ገንዘብ በቡልጋሪያዋ ፕሎቭዲቭ ሁለት ሳምንት ቢያኖር አይገርምም። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ፓስፖርት ለሚጓዙ ወገኖች ግን ይኸው ለውጥ ተቃራኒ ነው። እነሱ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያሉ፤ ዱሮ ሶፊያና ቡካሬስት የተቀመጡበት ቀን ከዚያ አይቆጠርም ነበር፣ አሁን ይቆጠራል። ቀናቸው ሲያልቅ ወደ አልባኒያ፣ ሰርቢያ ወይም ቦስኒያ መሻገር ይኖርባቸዋል።

ዘመድ ቤት ስለ ማረፍም ይነሳል። ፍራንክፈርት፣ ሮም ወይም ስቶክሆልም ዘመድ የሌለው ሐበሻ ጥቂት ነው፤ «ማደሪያው ነፃ ከሆነ ምን መቸኮል፣ ምን መዘግየት?» ሊባል ይችላል። ነፃ የሚሆነው ለእንግዳው ብቻ ነው። አስተናጋጁ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ በፈረቃ እየሠራ፣ የእረፍት ቀኑን አውጥቶ፣ «ኧረ ተጫወቱ፣ ገና ነው» እያለ ነው የሚያስተናግደው። በእኛ ባህል ሂዱልኝ አይባልምና ልኩን ማወቅ ያለበት እንግዳው ነው። ዘመድን ለናፍቆት መጠየቅ፣ አስቤዛውን መሸፈን፣ ከሳምንት በኋላ በራስ ኪራይ መውጣት ያስከብራል። ቤት በመጠበቅ ወይም እርሻ ላይ በመርዳት በነፃ ማደር የሚባለውም አለ፤ በአጭር ቆይታ ቪዛ ግን በማደሪያ የሚከፈል ሥራ በብዙ አገር ሥራ ተብሎ ሊቆጠር ስለሚችል፣ የየአገሩን ሕግ ሳያጣሩ ባይነኩት ይሻላል።

መመለሱ ከዚህ ሁሉ ተነጥሎ መታየት የለበትም። አብዛኛው የጉዞ በጀት በመጨረሻው ትኬት ላይ ያበቃል፤ የጥንዶች ወጪ ግን ቤት ከገቡም በኋላ ይቀጥላል። ሁለቱም ሥራ ለቀው ከሄዱ ሁለት ደመወዝ በአንድ ጊዜ ቆሟል፤ የቤት ኪራይ፣ ዕቁቡ፣ የወላጅ መጦሪያው አልቆመም። በቁጠባ ረገድ ጥንድ መሆን የሚጠቅመውን ያህል እዚህ ላይ ይጎዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው የበጀት መስመር መመለሻው ይሁን እላለሁ፦ ቢያንስ የሦስት ወር የቤት ወጪ ከመነሳት በፊት ተነጥሎ፣ በጉዞው ካርድ በማይነካ ሒሳብ ይቀመጥ። «ያን ያህል ብንይዝማ ጉዞው ራሱ አይቻልም» የሚሉ ይኖራሉ። ካልተቻለ የሚቀነሰው የጉዞው ቀን እንጂ የመመለሻው ገንዘብ መሆን የለበትም። ብር በሐምሌ 2024 ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ያየ ሰው፣ የጉዞውን በጀት በዩሮ፣ የመመለሻውን በብር ለይቶ መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አያሻውም።

ትኬቱም በአንድ ከተማ ገብቶ በሌላ ከተማ የሚወጣ ቢሆን መልካም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሮምም ቪየናም ይበርራል፤ በሮም ገብቶ ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ቀስ እያሉ ወጥቶ በቪየና መመለስ፣ ለመመለሻ ብቻ ተብሎ የሚደረገውን የሁለት ሰው የኋልዮሽ ጉዞ ያስቀራል። የመመለሻው ቀን ደግሞ የቪዛው መጨረሻ ቀን ላይ አይለጠፍ። የባቡርና የአየር ማረፊያ ሠራተኞች አድማ በአውሮፓ የተለመደ ነው፤ በኦክቶበር 2025 ሥራ የጀመረው የመግቢያና የመውጫ መመዝገቢያም በማኅተም ፈንታ ቀኑን በኮምፒውተር ስለሚቆጥር፣ አንድ ቀን ያሳለፈ ሰው በቀጣዩ ማመልከቻው ላይ ያገኘዋል። አራት አምስት ቀን ትርፍ መተው በቂ ነው፤ የዚያን ያህል ቀን ኪራይም ለሁለት ይካፈላል።